ጥርሳችሁ ከመሞረዱ በፊት ይህን አንብቡ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እነዚህን የጥርስ ክሊኒኮች ታውቋቸዋላችሁ። ቲክቶክ ላይ በስክሪን የሚሽከረከር ባለ ቀለም መንጋጋ ያሳያሉ። «ዲጂታል ዲዛይን፣ ንጹሕ ዚርኮኒያ፣ በሦስት ቀን» ይላሉ። ዚርኮኒያ የሚሉት ነጭ የጥርስ መሥሪያ ቁስ ነው። ቀብድ በቴሌብር ታስገባላችሁ፣ ቀጠሮ ይሰጧችኋል። እኔም እንደዚሁ ነው የገባሁት።

ከታች በግራ በኩል አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ ሁለት ዓመት አልፎታል። በቀኝ ብቻ ማኘክ ሰለቸኝ። እቁቤ ሲወጣልኝ ብሪጅ ላሠራ ቆረጥኩ። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጤነኛ ጥርሶቼ ተሞርደው ይሸፈናሉ፣ የጎደለው በመሃል ከእነሱ ጋር ይያያዛል። የአንዱ 16,000፣ የሦስቱ 48,000 ብር። ከሥሩ ብረት ያለበት በግማሽ ዋጋ እንደሚሠራ ነግረውኝ ነበር። «አይ፣ ዚርኮኒያው ይሁንልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ዶክተሩ መርፌ ወጋኝ። ምላሴም ከንፈሬም ደነዘዘ። ከዚያ መሞረድ ጀመረ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። የጥርሴ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ሲጨርስ በትንሽ መስታወት አሳየኝ፤ ሁለት ቀጫጭን ጉቶ ቀርቷል። እሺ፣ አሁን አፍ ውስጥ ገብቶ ጥርስ የሚቀርጸው ካሜራ፣ ስካነሩ፣ ይመጣል ብዬ አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። ረዳቷ ይዛ የመጣችው ግን ሮዝ ሊጥ የመሰለ የጥርስ ልኬት መውሰጃ የሞላበት ትሪ ነው። «ስካነሩስ?» ልል ሞከርኩ። አፌ ደንዝዞ ቃሉ አልወጣልኝም። በእጄ ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ። ያ የማስታወቂያው መንጋጋ እዚያ ላይ ይሽከረከራል። ዶክተሩ ፊቱን እንኳን ሳያዞርልኝ «ዛሬ አይሠራም፣ ጥርሱን የሚሠራው ላብራቶሪ ከልኬቱ ላይ ስካን ያደርገዋል፣ ያው ነው» አለ። ትሪው አፌ ውስጥ ገባ።

ላብራቶሪ ከልኬት በተወሰደ ሞዴል ላይ ስካን ማድረግ እንደሚችል በኋላ አጣርቻለሁ። እሱ ውሸት አይደለም። እኔን የሚያቃጥለኝ የነገረኝ ሰዓት ነው። አስቀድሞ ቢነግረኝ ተነስቼ እወጣ ነበር። ከተሞረድኩ በኋላ ወዴት እሄዳለሁ? የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። እሱ ይህን ያውቃል።

በራሴም በጣም ተናድጃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ቤት ሠርቻለሁ። የሰው ደረሰኝ ፊደል በፊደል የማነብ ሰው ነኝ። የራሴን አላየሁትም። ቀሪውን ገንዘብ ያኔውኑ ከፍዬ ወጣሁ። ደረሰኙ ላይ «የጥርስ ሕክምና» ብቻ ይላል። ዚርኮኒያ የሚል ቃል የለበትም።

ሦስት ቀን የተባለው ሁለት ሳምንት ሆነ። ሲገጠምልኝ ድዴ ጠርዝ ላይ ግራጫ መስመር አየሁ። «ድዱ ሲለምደው ይጠፋል» አሉኝ፤ አመንኩ።

ትናንት ቆሎ እየቆረጠምኩ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ነጭ ስባሪ በእጄ ተፋሁ። በመስታወት ሳየው የተላጠው ቦታ ጥቁር ግራጫ ብረት ነው። ስባሪውን በሶፍት ጠቅልዬ ሄድኩ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ማዘር፣ ዚርኮኒያም እኮ ብረት ነው» አለችኝ። ዶክተሩን ጥሪልኝ አልኩ። ሥራ ላይ ነው አለች። ድምፁ ከውስጥ ይሰማኛል፣ እያወራ ይስቃል። አልሄድም ብዬ ስቆም «ቆሎ ብዪ ማን አለሽ? ከፈለግሽ ክሰሺ» አለችኝ። የእናቷ እኩያ ነኝ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ሰሙ። እንባዬ መጣ፣ ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ቦታ ታየሁ። ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ዚርኮኒየም ብረት ነው። ዚርኮኒያ ግን የእሱ ኦክሳይድ ነው፤ ሴራሚክ ነው። ከነጭ ዲስክ ላይ በማሽን ተፈልፍሎ 1,500 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራል። ሲጋገር በየጎኑ ወደ 20 በመቶ ስለሚያንስ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ አስልቶ አተልቆ ይፈለፍለዋል። ቢሰበር ውስጡም ነጭ ነው። የእኔ ብረት ላይ የተጋገረ ፖርሰሊን ነው። እሱም ቢሆን መጥፎ ነገር አይደለም፣ ስንት ሰው ለዓመታት ይበላበታል። ግን እኔ የከፈልኩት የሌላውን ዋጋ ነው። የሸማቾች አዋጁም፣ ቁጥር 813/2006፣ ስለምንገዛው ነገር ዓይነትና ጥራት በቂ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ክሰሺ ብላኛለች፣ እከሳለሁ። ግን ደረሰኙ ባዶ ነው።

እናንተ ስካነሩ ሲሠራ በዓይናችሁ ሳታዩ ጥርሳችሁን አታስነኩ። ደረሰኙ ላይ የቁሱን ስም አስጽፉ፣ እምቢ ካሉ ተነሱና ሂዱ።

ብሪጁ በደንብ ስለተጣበቀ ተቆርጦ ነው የሚወጣው ተብያለሁ። ሰኞ ቀጠሮ አለኝ። እስከዚያ በቀኝ በኩል ብቻ ነው የማኝከው።