ስክሪን ሳይቀየር ቪዲዮውን ላስተካከለልን ልጅ

መገናኛ የሚሠራ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ላመሰግን ነው። ጽሁፉ ረዘም ይላል፤ ላፕቶፓችሁ ላይ ቪዲዮ አረንጓዴ ወይም ጥቁር እየሆነ ያስቸገራችሁ ግን ታግሳችሁ አንብቡት፣ ብር ያተርፍላችኋል።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ፊዚክስና ሒሳብ የምታጠናው በአብዛኛው ዩቲዩብ ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ማታ "እማዬ፣ ነይ እዪልኝ" ብላ ጠራችኝ። የመምህሩ ድምፅ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። መምህሩ "እዚህ ጋ እንደምታዩት" ይላል፣ እኛ የምናየው ጎመን ነው። ታቡን ዘግታ ከፈተችው፣ ላፕቶፑን አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው።

በማግስቱ ሰፈራችን ያለ ሱቅ ወሰድኩት። ባለሙያው ክዳኑን ከፍቶ አንዴ አየት አደረገና "ስክሪኑ ሄዷል፣ 9,500 ብር" አለኝ። ሌላ ቦታ ስጠይቅ ደግሞ "ፎርማት ይደረግ" ተባልኩ። የልጄ ኖት በሙሉ እኮ እዚያ ውስጥ ነው! ለስክሪኑ ብር ማጠራቀም ጀምሬ ሳለ የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ልጅ ጠቆመችኝ። ድሮ ፒያሳ ነበር፤ ፒያሳ ሲፈርስ ነው ወደ መገናኛ የመጣው። ሱቅ ልበለው እንጂ ያለው አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ነው።

ቪዲዮውን ከፍቶ ማውሱን አረንጓዴው ላይ ወዲያ ወዲህ አደረገና "ማዘር፣ ቀስቷ ትታይዎታለች?" አለኝ። (ማዘር ማለቱን ቢተውልኝ ደስ ይለኛል፤ ገና 41 ዓመቴ ነው።) ትታያለች፣ ጥርት ብላ። ከቪዲዮው በታች ያለው ርዕስም ይነበባል። "ስክሪኑ ቢሆን ቀስቷም አትተርፍም ነበር" አለ። ቀጥሎ ከፍላሽ ላይ አንድ የዘፈን ቪዲዮ ቪኤልሲ በሚባል ሌላ ማጫወቻ ከፈተ፤ ምንም እንከን የለውም። በመጨረሻ የራሱን ሞኒተር በኬብል ሰካበት። ዩቲዩቡ እዚያም አረንጓዴ! "እንግዲህ የኔም ስክሪን አብሮ ሄዷል ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። 9,500 ብሬ የተረፈችው እዚያች በርጩማ ላይ ነው።

እንዳስረዳኝ ከሆነ ዩቲዩብ የምንከፍትበት ክሮም ተጨምቆ የሚመጣውን ቪዲዮ ብቻውን አይፈታም፣ ሥራውን ለግራፊክስ ቺፑ ያስተላልፋል። ሁለቱን የሚያግባባው ድራይቨር ሲበላሽ ምስሉ እንዲህ ይሆናል፤ ድምፁ በሌላ መንገድ ስለሚመጣ ምንም አይሆንም። ሴቲንግ ውስጥ "ሲስተም" ከሚለው ሥር ግራፊክስ አክስለሬሽን የሚባለውን፣ ማለትም ሥራውን ለቺፑ የሚያስተላልፈውን፣ አጥፍቶ ክሮምን እንደገና ሲከፍተው መምህሩ ከነሰሌዳው ብቅ አለ።

እኔ በደስታ ቦርሳዬን መክፈት ጀምሬያለሁ። "ይቆዩ፣ ይሄ ማስታገሻ ነው" አለኝ። እዚህ ላይ ነው ልጁን የወደድኩት፤ ብሩን ተቀብሎ ቢሸኘኝ አላውቅበትም ነበር። ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ "ስታትስ ፎር ነርድስ" የሚለውን ሲከፍት ቁጥር የሞላበት ትንሽ ሳጥን መጣ። አንደኛው ቁጥር ሳይታዩ የተዘለሉ ምስሎችን ይቆጥራል፤ እያየነው ይጨምራል። ፋኑም እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ለካ ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ወድቆ ነው። "ይሄ 7ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ዩቲዩብ የሚልከውን ቪፒ 9 የሚባል የቪዲዮ ዓይነት ግራፊክስ ቺፑ ራሱ መፍታት ይችላል። እሱን አስቀምጦ ፕሮሰሰሩን ማልፋት ግፍ ነው" አለ።

ያለውን የግራፊክስ ድራይቨር አውጥቶ፣ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ከጀርባው አንብቦ፣ ትክክለኛውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አወረደ፤ ያውም በራሱ ኢንተርኔት። ከጫነ በኋላ ያጠፋውን አክስለሬሽን መልሶ አበራው። ምስሉ ጥርት አለ፣ ፋኑ ዝም አለ፣ የዚያ ሳጥን ቁጥርም ባለበት ቆመ። "ድራይቨር እናድስልሃለን የሚል ፕሮግራም ከየትም እንዳታወርዱ" ብሎ ልጄን አስጠነቀቃት። እሷም አውርዳ ነበር መሰለኝ አንገቷን ደፋች።

ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀም። የጠየቀኝ 400 ብር ነው። ፓስወርዱን እንኳ ንገሩኝ ሳይል ራሷ እንድትጽፈው ፊቱን አዞረላት።

ችግሩንም ልናገር፦ ቀጠሮ አያከብርም። ሦስት ሰዓት ብሎኝ የከፈተው አራት ተኩል ላይ ነው፤ ሥራ ላይ ከሆነም ስልክ አያነሳም። ብቻውን ስለሚሠራ ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፤ የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ቻርጀራችሁን እንዳትረሱ፤ እኔ ረስቼ ታክሲ ሁለቴ ከፍያለሁ።