ዱቄት ወይስ ፈሳሽ? የአኳሪየም ተክል ማዳበሪያ ለምትገዙ

አኳሪየም ያላቸው ጓደኞቼ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ለተክሎቹ ፈሳሹን ልግዛ ወይስ ዱቄቱን?» ዱቄቱን! መቶ ጊዜ ብትጠይቁኝም ዱቄቱን።

ፈሳሽ ማዳበሪያ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ቤታችሁ አለ። እስቲ እናስላው። 100 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም ውስጥ ናይትሬትን (ለተክሉ ናይትሮጂን የሚሰጠውን) በሊትር 10 ሚሊግራም ለመጨመር 1.6 ግራም ገደማ ፖታሲየም ናይትሬት የተባለው ዱቄት ይበቃል። በየሳምንቱ ይህን ያህል ብትሰጡ አንድ ኪሎ ከ11 ዓመት በላይ ያቆያችኋል። ፖታሲየሙም አብሮ ይመጣል፤ ከክብደቱ 39 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። በሳምንት 10 ሚሊ ሊትር የሚፈስበት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ግን በ50 ሳምንት ባዶ ነው። ስለዚህ የጠርሙሱን ዋጋ ተዉት። ጀርባው ላይ ያለውን የንጥረ ነገር መቶኛ አንብቡና የንጥረ ነገሩ አንድ ግራም ስንት እንደወጣበት አስሉ።

በመቶኛ ካልተጻፈበትስ? አትንኩት። እኔ አንዴ ተበልቻለሁ። «ብረት» የሚል ርካሽ ጠርሙስ አየሁ፤ መለያው የታወቀ ምርት ይመስላል፣ አንዲት ፊደል ብቻ ተቀይራለች። ሁለት ወር ሙሉ ጨመርኩ። አዲስ የሚወጣው ቅጠል ሁሉ ደም ሥሩ አረንጓዴ፣ መሀሉ ግን የገረጣ ነበር፤ የብረት እጥረት ማለት ነው። በነጭ ሲኒ ብቀዳው ቀጭን ሻይ! በዱቄት ብረት ስተካው አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው መጡ። የገረጡት ግን እንደገረጡ ቀሩ፣ ቆርጬ ጣልኳቸው።

ብረት ስትገዙ ከምን ጋር እንደታሰረ ጠይቁ። የውሃችሁ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 በላይ ከሆነ ኢዲቲኤ የተባለው ማሰሪያ ብረቱን ቶሎ ይለቀዋል፣ ዲቲፒኤ የተባለው ይሻላል። ብረትና ፎስፌትን በአንድ ጠርሙስ አትበጥብጡ፤ ተያይዘው ከታች ይዘቅጣሉ፣ ገንዘባችሁም አብሮ። እኔ በተለያየ ቀን ነው የምሰጣቸው።

ሌላው ፈተና የጓሮ ማዳበሪያ ነው። ዋጋው ያማልላል። ዩሪያና አሞኒየም ያለበት ግን ዓሣ ይፈጃል፣ አልጌ ያፈላል። ይቅርባችሁ።

ዱቄት አንድ ተጨማሪ ወጪ አለው፤ 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል። ያላችሁ አንዲት የ20 ሊትር ገንዳ ብቻ ከሆነች ሚዛኑ አያዋጣም፣ ፈሳሹን ግዙ። ዓሣ የበዛበት ገንዳ ከሆነ ደግሞ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ከዓሣው ምግብና ከኩሱ ይገኛል። ያኔ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ፖታሲየምና ብረት ነው። አሮጌ ቅጠል በመርፌ እንደተወጋ ከተበሳሳ ፖታሲየም ሰልፌት ብቻ ገዝታችሁ ወደ ቤት።