አሮጌ ሃርድቶፕ ደሴ ላይ፦ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ?

ደሴ ላይ ስለ አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ሃርድቶፕ ስለምንላት፣ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። አንዱ "ግዛ፣ እሷ አትሞትም" ይልሃል። ሌላው "ናፍታዋ ቤትህን ያፈርሰዋል" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ይገዛ አይገዛ ብዬ አልከራከርም። ገዝተህ በየቀኑ የምትነዳት ከሆነ ግን ብርህን መጀመሪያ የት እንደምታፈስ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ከመብራትና ከፍ ከማድረግ ይጀምራል፣ የወሎ መንገድ ደግሞ የሚጠይቅህ ሌላ ነገር ነው።

የእኔዋ ሰባ አምስቷ ናት፣ 75 የሚባለው ሞዴል። ረጅሟ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ወንበር ያላት። እርዳታ ሥራ ላይ ኖራ በጨረታ የወጣች ነች። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ይባላል፣ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍታ። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የለ፣ ኮምፒውተር የለ። ቶዮታ ይሄን ሞተር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ዛሬም ደሴም ኮምቦልቻም የማያውቀው መካኒክ የለም። ደግሞ አማራጩስ የታለ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ያለውን ማደስ ነው እንግዲህ።

መጀመሪያ ፍሬን። ሁለተኛም ፍሬን።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሀል የሐረጎ ዳገት አለ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው። መውጣቱ ምን አለው፣ ማርሽ ቀንሰህ እየጮኸች ትወጣልሃለች። ጉዱ ያለው መውረዱ ላይ ነው። ባዶዋን እንኳ 2 ቶን የምትጠጋ መኪና፣ ከነሰው ከነእቃው፣ ከኋላህ ሲኖትራክ እያንባረቀ፣ ኩርባው ላይ ደግሞ ባጃጅ በድንገት ከፊትህ ብቅ ሲል የምታስበው ስለ ፈረስ ጉልበት አይደለም።

አንድ ሱቅ "ኦርጅናል ነው" ብሎ ካርቶኑ ሳይቀር ቶዮታ የሚል የፍሬን ሸራ ሸጠልኝ። ከፍ ባለ ዋጋ ነው ደግሞ። ሐረጎን ግማሽ ሳልወርድ ፔዳሉ ጠጥሮ ቀረ፣ እግሬን ብጭነው ብጭነው መኪናዋ አልይዝ አለች፣ የተቃጠለ ሽታ ውስጧን ሞላው። በትንሽ ማርሽና በእጅ ፍሬን ነው ዳር የያዝኩት። ጋራዥ ስወስደው መካኒኩ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው፣ ሸራውን አውጥቶ በካቻቢቴ ጫፍ ጫር ጫር አደረገው። እየተፈረፈረ መዳፉ ላይ ወደቀ። ቀና ብሎ አየኝና "አንተ ልጅ፣ ቱርቦ ላስገባ ቱርቦ ላስገባ ትላለህ፣ ሐረጎ ላይ ማን ሊያቆምልህ ነው?" አለኝ። "እሺ ጋሼ" ከማለት ሌላ ምን ይባላል።

ያሠራሁት ይሄ ነው። የፊቱ ዲስክ አዲስ፣ ሸራው የተረጋገጠ፣ የኋላው ታምቡር ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካከለ፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ በሙሉ ተቀየሩ። የፍሬን ዘይቱ ጨርሶ ወጥቶ አዲስ ገባ። ይሄን ዘይት ብዙ ሰው ሲጎድል ከመሙላት በቀር አያስታውሰውም፤ እርጥበት ከአየር ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ዘይት ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። አሁን ገና ረገጥ ሳደርጋት ትይዛለች። ያም ሆኖ በወጣሁበት ማርሽ ነው የምወርደው። በሞራል፣ ማርሽ አውጥቶ፣ የሚወርድ ሰው ሳይ ራሴን እይዛለሁ።

ባሌስትራው፣ መኪናዋን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ቀጥሎ ይምጣ። ሰባ አምስቷ አራቱም እግሯ ላይ ባሌስትራ ነው (ከፊት የተጠማዘዘ ሞላ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጡት ወዲህ ነው)። የእኔዋ ላይ የቀድሞዎቹ ጭነት ሲበዛባቸው ቅጠል ጨምረውበት ነበር። ሙሉ ስትጫን ጥሩ ነው፣ ባዶዋን ግን የፒያሳን ኮብልስቶን ስታልፍ ጥርስህ ይንቃጫል። አማቴ አንድ ጊዜ ወረኢሉ ድረስ ሄደውባት ሲወርዱ "ልጄ፣ ይሄ መኪና ነው ወፍጮ?" አሉኝ። አዲስ ባሌስትራ ከነቦኮላው (ማያያዣው ላይ ያለው ጎማ)፣ ከነአሞርዛተሩ (ንዝረት የሚያበርደው) ገባላት። ለውጡ የሰማይና የምድር ነው። ወንበሩ ግን ያው ነው፤ ከኋላ ወደ ጎን ዞረህ ተቀምጠህ ረጅም መንገድ መሄድ ቅጣት ነው፣ ይሄን ምንም ማሻሻያ አይፈታውም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል። አዲሱ ባሌስትራ መኪናዋን አምስት ሴንቲ ያህል ከፍ ያደርጋታል። ከኋላ አክሱሉ ላይ በዘንግ የተያያዘች ትንሽ ቫልቭ አለች፣ ጭነቱን እያየች ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የምትመጥን። መኪናዋ ከፍ ስትል ቫልቯ "ባዶ ናት" ብላ ታስብና የኋላውን ፍሬን ትቀንሳለች። ፍሬን አሠርተህ ሲያበቃ ባሌስትራ ቀይረህ መልሰህ ታበላሸዋለህ ማለት ነው። ዘንጓን ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ግን ካልጠየቅክ ማንም አይነካልህም። ለውበት ብለው አሥር አሥራ አምስት ሴንቲ የሚያስነሱ ልጆችን ሳይ የሚታየኝ ይቺ ዘንግ ናት።

ጎማ ላይ እንደ ሰዉ አልቸኮልኩም። የፋብሪካው 7.50 በ16 ከካላማዳሪ ጋር ነው፣ ቸርኬው የሚፈታታ። ብዙ ሰው አይወደውም፣ ይከብዳል። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ተገንጥለህ ገጠር ስትገባ፣ ማሽን የሌለው ጎሚስታ በብረትና በመዶሻ ፈቶ ይለጥፍልሃል። እኔ አብዛኛው መንገዴ አስፋልትና ኮብልስቶን ስለሆነ ወደ ቱብለስ፣ ካላማዳሪ ወደሌለው፣ ዞሬያለሁ፣ 235/85 በ16። ቁመቱ ከድሮው ጋር ስለሚቀራረብ ፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም፣ ማርሹም አይከብዳትም። ከዚህ የሰፋ ጎማ ለፎቶ ነው። የሐምሌ ጭቃ ላይ ቀጭኑ ቆርጦ ወደ ታች ይገባና መሬት ይይዛል፣ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሸራተታል።

ፎር ዊሉ የሚገባው በእጅ ነው። ወርደህ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለውን መቆለፊያ ታዞራለህ። ዝናብ ውስጥ ከሆነ እጅህ ጭቃ በጭቃ ነው። እኔ ጭቃው ጋ ሳልደርስ ነው የምቆልፈው፣ ገብተው ከሰመጡ በኋላ ማን ይወርዳል። እግረ መንገድህን ከፊት ጎማ ጀርባ ያለውን ብረት ኳስ በጣትህ ዳሰስ አድርገው። ግራሱ ወፍራም ሆኖ ስስ ሽፋን ከሠራ ጤነኛ ነው። ቀጥኖ እየፈሰሰ ከሆነ የውስጥ ጎሚኒው አልቋል፣ የዲፈረንሻል ዘይት እየገባበት ነው። ልትገዛ ስትሄድም መጀመሪያ እዚያ ጋ ጎንበስ በል፤ ሻጩ ቀለሙን ሲያሳይህ አንተ ኳሱን እይ።

ወደ ቱርቦው ልምጣ፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን ነው የሚተነፍሰው። ጥቁር ጭስ እያወጣች ዳገት ላይ የምትለምንህ ለዚህ ነው። ግን ዋን ኤች ዜድ ለቱርቦ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ግፊቱን ከፍ አድርገው ናፍታ የጨመሩባት ፒስተኗ ይቀልጣል፣ ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሰነጠቃል። በዝቅተኛ ግፊት፣ የጭስ ማውጫውን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ተገጥሞ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ከሆነ ይሆናል። እኔ እስካሁን አላስገባሁም። ናፍታ የሚረጩትን ኢኜቶሪዎች አስፈትሼ የናፍታ ፖምፓውን ለዚህ ከፍታ አስተካከልኩ፣ ጭሱ በግማሽ ቀነሰ፣ በዚያው ረክቻለሁ። ኮምቦልቻን የምደርሰው ቱርቦ ያለው በሚደርስበት ሰዓት ነው፣ ሲኖትራኩ ለሁለታችንም መንገድ አይለቅም።

መብራት ላይ ኤልኢዲ ዘንግ ጣሪያዋ ላይ የሰቀሉ አሉ። የክረምት የደሴ ጉም ውስጥ ሲያበሩት ነጭ ግድግዳ ነው የሚያዩት፣ ከፊት የሚመጣውንም ያሳውራሉ። ቢጫ መብራት፣ ከፓራውልቱ በታች ዝቅ ብሎ። በቃ።

የቀን ተቀን ኑሮዋስ? ጠዋት ታኅሣሥ ላይ ሞተሯን የሚያሞቀው የካንዴላዋ መብራት እስኪጠፋ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ በአንዴ ትነሳለች። ከተማ ውስጥ መዞሪያዋ ሰፊ ነው፣ ሸዋ በር አካባቢ ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ወደ ፊት ማለት አለ። ሰኞ ገበያ ሄደህ ምንም ብትገዛ ግን ይጫናል። ናፍታ በ100 ኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 14 ሊትር ትጠጣለች። ሁለቱ ታንከር አንድ ላይ 180 ሊትር ይይዛል፤ ሰልፍ ለሚበዛበት ማደያ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ሲገኝ ሞልተህ ትገላገላለህ። የሚሞላበት ቀን ኪስህን አትጠይቀው እንጂ።

ጨረታ ላይ አይተህ ልትገዛ ካሰብክ የመጨረሻ ነገር። የዚህ ሞተር ታይሚንግ፣ ቫልቩን ከፒስተኑ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው፣ ቺንጋ ነው፣ ሰንሰለት አይደለም፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። በመብራቱ አትተማመን፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ስንት ዓመቱ ሊሆን ይችላል። ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ያኔ የሞተር ዋጋ ነው የምትከፍለው። መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ፣ ሊብሬው በስምህ በዞረ ሳምንት አስቀይረው።