የፒካፕ ፍሬን ሰርቮ ቫኪዩም ከየት ይምጣ? ፓምፑን የመተካት፣ የማንሳትና በኤሌክትሪክ የመቀየር ንጽጽር

ከ2014 እስከ 2018 በተመረቱት የሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500 እና የጂኤምሲ ሲየራ 1500 ፒካፖች ላይ፣ በሞተሩ ፊት በቺንጋ የሚዞረውና ለፍሬን ሰርቮው፣ ማለትም የእግርን እርግጫ ለሚያግዘው መሣሪያ፣ ቫኪዩም (ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት) የሚሰጠው ፓምፕ ዘይት ማንጠብጠብ ወይም መጮኽ ሲጀምር ባለቤቱ በአሜሪካ ገበያ ብዙ ምርጫ ይቀርብለታል። ፓምፑን በአዲስ መተካት ይችላል፤ አውጥቶ ቀዳዳውን በመዝጊያ ሳህን ደፍኖ ሰርቮውን ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ጋር ማገናኘት ይችላል፤ በቦታው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ማስገባትም ይችላል። ሦስቱም መኪናውን ያቆማሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ሞተሩ ቫኪዩም በማይሰጥበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሻጮች የሚጠቅሱትን ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) ሲሠራ የተለካ አኀዝ ብቻ ይዞ መወሰን አይበቃም።

ሰርቮው የሚሠራው በአንድ ሰፊ ዲያፍራም ሁለት ጎኖች መካከል ባለው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በአንዱ ጎን የውጭ አየር ይገባል፣ በሌላው ጎን ያለው ቫኪዩም ደግሞ ዲያፍራሙን ይስበዋል። 25 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ዲያፍራም 490 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። የግፊት ልዩነቱ 60 ኪሎፓስካል ሲሆን ዲያፍራሙ በ300 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ያግዛል፤ ልዩነቱ ወደ 35 ሲወርድ ግን እገዛው ወደ 175 ኪሎ ግራም ይቀንሳል። ቀሪውን የሚሞላው የአሽከርካሪው እግር ነው።

የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ የትሮትሉ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው፣ በር ስለሚዘጋ በማኒፎልዱ ውስጥ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ፣ ማለትም ከ58 እስከ 75 ኪሎፓስካል የሚደርስ ቫኪዩም ይፈጠራል። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል። በሰርቮው መግቢያ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ቀድሞ የተጠራቀመውን ቫኪዩም ስለሚይዝ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት እርግጫዎች አይጎዱም፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ በሚመጣው እርግጫ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ረጅም ቁልቁለትን ነው፤ በቫኪዩም ረገድ ግን ቁልቁለት ለቤንዚን ሞተር በአብዛኛው መልካም ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም ትሮትሉ ተዘግቶ ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ አየሩን ይስባል። ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ተጎታች ይዞ ዳገት ሲወጣ ነዳጅ መስጫው ለረጅም ጊዜ ተረግጦ ሳለ ወዲያው ፍሬን ማስፈለጉ ነው። ጠዋት ሞተሩ ገና እንደተነሣ የካታሊስት መሣሪያውን (የጭስ ማጽጃውን) ለማሞቅ ትሮትሉ ከወትሮው ከፈት ብሎ በሚቆይበት ጊዜ ፔዳሉን ደጋግሞ እየረገጡ መኪናውን ከማቆሚያ ማውጣትም እንዲሁ ነው።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፓምፕ የተጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱ ሥራ ሲያቆሙ የቀሩት አራቱ ያንኑ ኃይል ለመስጠት ትሮትሉ በሰፊው እንዲከፈት ይፈልጋሉ፤ በሩ በሰፊው በተከፈተ መጠን ደግሞ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫኪዩም ይቀንሳል። ፓምፑን የሚያነሳ ሰው የሲሊንደር ማጥፊያውን ሥርዓት ሳይነካ ከተወው፣ ሞተሩ ያልተሠራበትን ሥራ ጠይቆታል ማለት ነው።

ከፍታም ንጽጽሩን ይለውጠዋል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን በ2400 ሜትር ከፍታ ወደ 75 ይወርዳል። በሚኒሞ በማኒፎልዱ ውስጥ የሚቀረው አየር 35 ኪሎፓስካል ነው እንበል፤ በባሕር ወለል 66 ኪሎፓስካል የነበረው ልዩነት በተራራው ላይ 40 ብቻ ይሆናል። ቀሪውን አየር እስከ 15 ኪሎፓስካል ድረስ የሚስብ ፓምፕ ግን በዚያው ከፍታ 60 ይሰጣል፤ ይህም ማኒፎልዱ በባሕር ወለል ከሚሰጠው ብዙም አይርቅም። በከፍታ ቦታ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የበለጠ መከራከሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

የፋብሪካው ፓምፕ ደካማ ጎን ግን እውነተኛ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በመስከረም 2019 በአሜሪካ 3.5 ሚሊዮን ገደማ ፒካፖችንና ትልልቅ የቤተሰብ መኪናዎችን ለጥገና የጠራው ፓምፑ የሚሰጠው ቫኪዩም ከጊዜ ጋር ሊቀንስ ስለሚችል ነው። መፍትሔው ግን ፓምፑን መለወጥ አልነበረም፤ ቫኪዩም ሲጎድል የኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን ጊዜ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ፓምፕ በፈሳሽ ግፊት የሚሰጠው እገዛ በተሻለ መንገድ እንዲሠራ የፍሬን ኮምፒውተሩን ፕሮግራም ማሻሻል ነበር። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህ ሥራ መሠራቱን በሻንሲ ቁጥሩ ማረጋገጥ አለበት። ይህ የኤቢኤስ እገዛ መጠባበቂያ መሆኑም አይዘንጋ፤ ፓምፑ ከወጣ በኋላ ቫኪዩሙ በጎደለ ቁጥር በእሱ መተማመን መጠባበቂያውን የዘወትር ሠራተኛ ማድረግ ነው።

አዲስ ሜካኒካል ፓምፕ መግጠም ሽቦም ሆነ ፕሮግራም መነካካት አይጠይቅም፤ ሴንሰሮቹም ሆኑ ኮምፒውተሩ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ፓምፑ የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ስለሆነ ዕድሜው በዘይቱ ንጽሕና ላይ ይወሰናል፤ የዘይት ቅያሪ እያዘገየ ፓምፑን የሚወቅስ ሰው አዲሱንም ማበላሸቱ አይቀርም። ጭነት ለሚጭን፣ ተጎታች ለሚጎትትና መኪናውን ከአንድ በላይ አሽከርካሪ ለሚነዳው ባለቤት የምመርጠው ይህንን ነው።

ፓምፑን አውጥቶ በማኒፎልድ ብቻ መሥራት በመጀመሪያ ወጪው ርካሹ ሲሆን የዘይት መፍሰሻ አንድ ቦታም ያስቀራል። የመዝጊያ ሳህኑ የዘይት መተላለፊያዎቹን በትክክል የሚደፍን፣ የቺንጋው አካሄድም ለዚያው ሞተር የተለካ መሆን ይኖርበታል። ይህ መንገድ የሚያስኬደው የሲሊንደር ማጥፊያው ሆን ተብሎ ከሥራ ውጭ የተደረገበት፣ ካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) የፋብሪካ የሆነና በዝቅተኛ ቦታ ቀላል ጭነት ይዞ የሚሄድ መኪና ሲሆን ነው። ለፍጥነት የተሠራ ካምሻፍት የሚኒሞውን ቫኪዩም ራሱን ስለሚያሳንስ ለእንዲህ ያለው ሞተር አይመከርም፤ አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ከተጨመረም ማኒፎልዱ ቫኪዩም በመስጠት ፈንታ ግፊት የሚይዝበት ጊዜ አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ጋራዦች በደህንነት መስፈርት መሠረት የተገጠመን መሣሪያ እያወቁ ከሥራ ውጭ እንዳያደርጉ ስለሚከለክል አንዳንድ ጋራዥ ሥራውን አልቀበልም ቢል አያስገርምም።

ፓምፑ የግድ መውጣት ካለበት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከማኒፎልድ ብቻ የተሻለ ነው። ከትሮትሉም ሆነ ከሞተሩ ዙር ነጻ ሆኖ፣ ቫኪዩሙ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ በራሱ ተነሥቶ ሲሞላ ይቆማል። ሲገዛ ግን ፓምፑን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከግፊት ማብሪያ፣ ከሪሌና ከራሱ ፊውዝ ጋር መምጣቱ፣ የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ጋን ከአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ጋር መኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ፓምፑ ሲቆም በአሽከርካሪው ፊት የሚበራ መብራት መኖሩ መታየት አለበት። መብራት የሌለው ስብስብ በርካሽ ቢሸጥም አልገዛውም። ድምፁ በመኪናው ውስጥ እንዳይሰማ ከላስቲክ ማቀፊያ ጋር፣ ውሃና የጭስ ማውጫ ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ይታሰር።

ከባድ ፒካፖች ላይ የሚታየው ሃይድሮቡስት ቫኪዩምን ፈጽሞ አይፈልግም፤ ከመሪው ፓምፕ በሚመጣ የዘይት ግፊት ይሠራል፣ ጥንካሬውም ከዲያፍራም ሰርቮ ይበልጣል። ይሁንና ከ2014 ጀምሮ ሲልቨራዶ 1500 የሚዞረው በኤሌክትሪክ መሪ ስለሆነ ግፊቱን የሚሰጥ ፓምፕ የለውም፤ ስለዚህ ለዚህ መኪና ይህ አማራጭ በተግባር ዝግ ነው ማለት ይቻላል። የቫኪዩም ጉዳይ ከናካቴው እንዲቀርለት የሚፈልግ ገዢ በኤሌክትሪክ የፍሬን እገዛ የሚሠራውን፣ አዲስ መልክ የያዘውን የ2019 ሲልቨራዶ 1500 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣውን ቢያይ ይሻለዋል።

እስካሁን የተባለው ለቤንዚን ሞተር ነው። የናፍጣ ሞተር በተለምዶ አየሩን በትሮትል ስለማያንቅ ማኒፎልዱ ለሰርቮ የሚበቃ ቫኪዩም አይሰጥም። በቀድሞዎቹ የቶዮታ ሃይለክስና የአይሱዙ ናፍጣ ፒካፖች ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ የሚገኘው ለዚህ ነው። እዚያ ፓምፕ የሌለው ተራ ዲናሞ መግጠም ሰርቮውን ያለ እገዛ ማስቀረት ስለሆነ፣ የናፍጣ ባለቤት ምርጫ ፓምፑን መተካት ወይም የኤሌክትሪክ መግጠም ብቻ ነው።

ከመግዛትም ሆነ ከመቀየር በፊት ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠጥር አራት አምስት ጊዜ ይረገጥና ተረግጦ እንዳለ ሞተሩ ይነሣ፤ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልሰጠ ቫኪዩም አልደረሰውም ወይም ሰርቮው ተበላሽቷል። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ቫልቩና በሰርቮው መካከል ቲ በሚመስል መጋጠሚያ ጌጅ ተሰክቶ ሞተሩ ይጥፋ፤ መርፌው ወዲያው ከወደቀ አየር የሚያሳልፈው ቱቦው፣ ቫልቩ ወይም ዲያፍራሙ ነውና ይህ ሳይጠገን ፓምፕ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከቀየሩ በኋላም ያው ጌጅ እንደተሰካ በተለመደው ጭነትና በሚያውቁት ዳገት ላይ፣ ሌላ ሰው እያነበበው መንዳት ይገባል፤ ዳገቱ ላይ በተከታታይ ሦስት እርግጫ ከተደረገ በኋላ መርፌው ከ12 ኢንች ሜርኩሪ በታች ወርዶ የሚቆይ ከሆነ የተመረጠው መንገድ ለዚያ መኪና አይበቃም።