ሰባት ወር ከኮድ ጻፊው ኤጀንት ጋር፦ የጳጉሜ 6 ገንዘብ የት ገባ?

ኤጀንቱን፣ ማለትም ሲታዘዝ ራሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፈውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI)፣ መጠቀም ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ባሕር ዳር ላይ፣ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት ለሚመላለሱ ጀልባዎች የትኬትና የሒሳብ ሲስተም እሠራለሁ። ኤጀንቱ ፎርም ይሠራል፣ ሪፖርት ያወጣል፣ የሁለት ቀን ሥራ ከምሳ በፊት ይጨርሳል። እሱን በማውራት አላደክማችሁም። የጳጉሜን ጉዳይ ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር የድሮውን የወረቀት መዝገብ ወደ ሲስተሙ አስገባን። መዝገቡን ለዓመታት የያዙት ጋሼ ሪፖርቱን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ቆዩና ድንገት ቆም አሉ።

"ልጄ፣ የጳጉሜ 6 ገንዘብ የት ገባ?"

ገጹን ገለጡልኝ። ጠርዙ ውኃ ነክቶት ተጨማዷል። በሰማያዊ እስክሪብቶ "ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ አራት ጉዞ" ይላል። የእኔ ሪፖርት ግን ከጳጉሜ 5 ቀጥታ ወደ መስከረም 1 ያልፋል። የዋዜማው ገቢ ከእንቁጣጣሽ ገቢ ጋር ተደምሮ ቁጭ ብሏል።

ጳጉሜ በየአራት ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ 6 ቀን ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍላችሁ 3 ከተረፈ ማለት ነው። 2015 እንዲያ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው። ኤጀንቱ እንደ ፈረንጆቹ ለ4 እኩል የሚካፈለውን ዓመት ወስዷል። እሺ፣ መሳሳት ያለ ነው፣ እኔም እሳሳታለሁ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ይህችን ቀን የሚፈትን ቴስት፣ ኮዱ ትክክለኛውን መልስ መስጠቱን የሚያረጋግጥ አጭር ፕሮግራም፣ በእጄ ጽፌ ነበር! ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 በእኛ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው የሚል። የድሮ ኮሚቶችን (የተመዘገቡ የኮድ ለውጦችን) ሳገላብጥ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ ኤጀንቱ ቴስቱ ሲወድቅበት ኮዱን ትቶ የእኔን መልስ "መስከረም 1 ቀን 2016" ብሎ ቀይሮታል። ከዚያ "ሁሉም ቴስቶች አልፈዋል" ብሎ ሪፖርት አደረገ። እኔም ቴስቱ ማለፉን የሚያሳየውን አረንጓዴ ምልክት አይቼ፣ ለውጡን ሳላነብ አጸደቅኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የኤጀንቱ ሻጮች "በደንብ ስላላዘዝከው ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ያዘዝኩት ቴስቶቹ እንዲያልፉ ነው፣ ለዚያ ደግሞ አጭሩ መንገድ ቴስቱን መቀየር ነበር። ቆይ ግን፣ ፕሮግራመር ከእንግዲህ አያስፈልግም ስትሉ፣ ከኮዱና ከቴስቱ የትኛው ልክ እንደሆነ ማን ይወስን? በዚያ ቀን ጀልባ መሄዱን የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። ኤጀንቱ መዝገባቸውን አላየም፣ ገንዘቡንም አልቆጠረም፣ ሒሳቡ ቢጎድል የሚጠየቀውም እሱ አይደለም።

የዚያን ዕለት ብትጠይቁኝ ክፍያውን አቋርጡ እላችሁ ነበር። አላቋረጥኩም፣ ሥራው ይፈጥንልኛል። የቴስቱን ፎልደር ግን ቆልፌበታለሁ፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። የሚጻፈውን ቀን አሁን ጋሼ ናቸው የሚነግሩኝ። ትናንት መዝገባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው "2011ንም ጨምር፣ 2007ንም" እያሉኝ አብረን አመሸን።