የአምፕሊፋየር የኤሌክትሪክ ገመድ፦ አብሮት የመጣው ወይስ ከገበያ የተገዛው?

ከአምፕሊፋየሩ ጋር የመጣው ገመድ ቀጭንና ተራ ነው። ሽፋኑ ላይ ብዙውን ጊዜ 3×0.75 የሚል ይነበባል፤ ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ማለት ነው። በ220 ቮልት ለተለመደ የቤት አምፕሊፋየር ይበቃል።

በጨርቅ የተጠለፈው ወፍራም ገመድ ዓይን ይስባል፤ ከርካሾቹ መካከል ግን ውፍረቱ የፕላስቲክ ብቻ የሆነ አለ። አንዱ ተቆርጦ ሽቦው በምላጭ ሲፋቅ ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ ካለ፣ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው፤ በእኩል ውፍረት ከመዳብ ይበልጥ ይግላል። የባሰው የመሬት መስመሩ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የይስሙላ ሲሆን ነው፦ መሰኪያው ላይ ብረቱ አለ፣ ውስጥ ሽቦው የለም። የመሣሪያው የብረት አካል ኤሌክትሪክ ቢይዝ፣ ወደ መሬት የሚያልፈው በሚነካው ሰው በኩል ይሆናል። የድምፅ ልዩነት? እኔ ሰምቼ አላውቅም።

መግዛት ግድ ከሆነ፣ ሻጩ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የመሬት መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይለካላችሁ።