ከቸርችል ጎዳና የገዛሁት «የወርቅ» ገንዘብ

አባዬ የድሮ ገንዘብ ይሰበስባል። አልበሙ ውስጥ በ1937 የወጣው የጃንሆይ አንድ ብር አለ። የደርግ ዘመን የ1969ኙ 5 እና 10 ብርም አለ። ለልደቱ ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች አንዱ ገብቼ የዚምባብዌን መቶ ትሪሊዮን ዶላር በወርቅ ተለብጦ ሳየው ልቤ ደነገጠ። ያብለጨልጫል፤ የምስክር ወረቀትም አለው። «24 ካራት ነው እህቴ፣ እያደር ዋጋው ይጨምራል» አለኝ ሻጩ። 1,800 ብር ከፈልኩ።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየው። «ማነው ያወጣው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነተኛው በ2009 እ.ኤ.አ. የዚምባብዌ ማዕከላዊ ባንክ ያወጣው የወረቀት ገንዘብ ነው። ኑሮ እሳት በሆነበት ጊዜ ሰው ኪሱ ይዞት ዳቦ ሊገዛ የወጣበት ገንዘብ። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ነው። የእኔን የትኛውም ባንክ አላወጣውም፤ ማንም ገበያ ይዞት አልሄደም።

ወርቁስ? በማግስቱ ፒያሳ አንድ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። «ልጄ፣ ይሄ ላስቲክ ነው» አሉኝ። «ወርቅ ነክቶት ቢሆን እንኳን ቢፋቅ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይወጣውም።» ያኔ ነው የምስክር ወረቀቱን በደንብ ያነበብኩት። 99.9 ከመቶ ይላል። ይህ የሚናገረው ስለ ወርቁ ጥራት ነው። ስንት ግራም እንደሆነ የትም አልተጻፈም። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ግራሙን ጠይቁ።

ልመልስ ሄድኩ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። መደርደሪያው ላይ የቀሩትን አነሳሁ፤ ሁሉም ላይ ያለው መለያ ቁጥር አንድ ነው! ከባንክ የወጣ ብር እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ይህን ሳሳየው «ጌጥ ነው እኮ» አለኝ። ጌጥ ነው ብሎ በ200 ብር ቢሸጥልኝ ቅር አይለኝም ነበር፤ ሲያዩት ያምራል። «ዋጋው ይጨምራል» ማለቱ ነው ያናደደኝ።

እዚያው ጎዳና ላይ ሌላ ሱቅ የድሮ ብርና ሳንቲም ይሸጣል። የ1969ኙን አንድ ብር አገኘሁ፤ ከፊቱ የልጅ ምስል፣ ከጀርባው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያለበትን። መሐሉ ታጥፎ መስመር አውጥቷል። ዋጋው ግን ከወርቁ አንድ አራተኛ አይሞላም። አባዬ ከ5 ብሩ በፊት ክፍት ትቶት የነበረው ቦታ ላይ አስገባው።